ጎረቤት የሚናገርበት ገጽ

የሽኝቴ ዕለት አቶ ጌታሁን ንግግር አደረገ። የመጨረሻው አለቃዬ እሱ ነው፤ ሐይቅ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ባለመስታወት የቤት ማሻሻጫ ቢሮ አለው። ለስላሳ ተከፍቶ ዳቦ ከተቆረሰ በኋላ ተነሣና፣ «ዘይነብ ስልክ በማንሣትና እንግዳ በመቀበል ብዙ ዘመን አገልግላናለች» አለ። ከዚያ ስለ ዌብሳይቱ ማውራት ጀመረ። ቤት ፈላጊዎች ገጹ ላይ የጎረቤት ድምፅ እንዲሰሙ ያሰበው እሱ እንደሆነ፣ የደሴ አሻሻጮች ሳይቀሩ መጥተው እንደጠየቁት ተናገረ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። የሸለሙኝን ጋቢ ታቅፌ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ጋቢው ደህና ጋቢ ነው፤ እሱን አልዋሽም። ስልክ ማንሣቴም እውነት ነው። ያ ገጽ ከየት እንደመጣ ግን የማውቀው እኔ ነኝ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ የሚያባርረኝ ሰው የለም። ሁሉንም አልጽፍም። አንዳንዱን ለራሴ አስቀረዋለሁ፤ አንዳንዱ ደግሞ የሰው ገመና ነው። የምጽፈው ግን ወላሂ እውነት ነው።

ሥራ የጀመርኩት በቀበሌ ቤቶች መዝገብ ክፍል ነው። የከተማውን ቤት ሁሉ በወረቀት አውቀው ነበር፤ ስንት ክፍል እንዳለው፣ ግድግዳው ጭቃ ይሁን ብሎኬት፣ ጣራው ስንት ቆርቆሮ እንደፈጀ። አንዱንም ግን ገብቼ አላየሁትም። የዚያን ጊዜው አለቃዬ ለእኔ የሚገባውን የክፍል ኃላፊነት ለሚስቱ እህት ሰጥቶ እኔን በር አጠገብ፣ ነፋስ የሚገባበት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ስሙን አልጽፍም። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ እኔም እመልሳለሁ። ከዚያ የበለጠ አላህም አይጠይቀኝም።

ከዚያ ወንበር ያነሣኝ አያ ይማም ነው። አያ ይማም በሐይቅና በአምባሰል የታወቀ የቤት ደላላ ነበር፤ ረጅም፣ ሽርጥ ለባሽ፣ መቸኮል የማያውቅ ሰው። አንድ ቀን የአንድ ቤት ፋይል ሊጠይቅ መጣ።

«አንች ልጅ፣ ይህን ቤት ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«አውቀዋለሁ። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ጓሮ ያለው።»

«ሽታውስ?»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«ሽታውን ካላወቅሽ የምታውቂው ወረቀቱን ነው» ብሎ ፋይሉን መለሰልኝ። በወሩ ሥራዬን ለቅቄ እሱ ዘንድ ገባሁ። ገቢው ያነሰ ነበር፤ ቤተሰቤም አብዳለች አለ።

አያ ይማም ቤት ሲያይ በፊት በር አይገባም። ከጓሮ ይጀምራል። «ፊት ለፊቱን ባለቤቱ ለሰው ዓይን ብሎ ይቀባዋል፤ ጓሮውን ለማን ብሎ ያሳምረዋል?» ይላል። ከዚያ ቁም ሳጥን ያስከፍትና አንገቱን አስገብቶ ያሸታል። ሻጋታ ግድግዳ ላይ በቀለም ይሸፈናል፤ ልብስ ላይ ግን አይደበቅም። የምስማሮቹን ዝገት ያያል። የማዕዘን ቋሚውን በቀለበቱ አንኳኩቶ ያዳምጣል፤ ምስጥ የበላው እንጨት ድምፁ እንደ ባዶ ቅል ነው። ለአንድ ቤት ሦስት ጊዜ ይሄዳል፤ በጠዋት፣ በቀትር፣ ደግሞም ዝናብ ባባራ ማግስት። አንድ የውጫሌ ነጋዴ ሊገዛ ቆርጦ፣ ሽማግሌ ይዞ በመጣበት ቀን፣ «ይህን ቤት አትግዛ፤ ቋሚው ተበልቷል» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሻጩ ተቆጣ። እኛም ያን ቀን ባዶ እጃችንን ገባን። ነጋዴው ግን ከዚያ ወዲያ ለወንድሞቹም ለአማቾቹም ቤት ያፈላለገው በአያ ይማም እንጂ በማንም አልነበረም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ከጎረቤት ጋር የሚያወራው ነገር ነበር። ጎረቤቲቱ ደጃፍ ይቀመጣል፤ ስለሚሸጠው ቤት አንድ ቃል አይጠይቅም። «በሐምሌ ጤፍሽን የት ነው የምታስቀምጭው?» ይላል። «ቆርቆሮሽን መቼ ቀየርሽው?» ይላል። የሚጠይቃት ስለ ራሷ ቤት ብቻ ነው።

ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«የኛ ሰው የጎረቤቱን እንጀራ አይዘጋም» አለኝ። «ሊሸጥ በቀረበ ቤት ላይ ክፉ መናገር ነውርም ሐራምም ነው። የራሱን ችግር ግን ለመንገደኛም ያወራል። መሬቱ አንድ ነው፣ ዝናቡ አንድ ነው። የሷን ችግር ከሰማሽ የዚያኛውን ሰማሽ።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቼ፣ ስንት ዓመት በዓይኔ አይቼ፣ በሚያስፈልገኝ ቀን ረሳሁት።

የአያ ይማም ዓይን እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ጨለመ። አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ወዳለው መንደሩ ገባ። እሱ በለቀቀው ገበያ የገባው አቶ ጌታሁን ነው። ከደሴ መጣ፣ ባለመስታወቱን ቢሮ ከፈተ፣ እኔን ቀጠረ፣ ዌብሳይትም አሠራ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የነበሩት ሥዕሎች የመዋኛ ገንዳ ያላቸው፣ የየት አገር እንደሆኑ የማይታወቁ ቤቶች ነበሩ። «የህልምዎ ቤት እዚህ ነው» ይላል። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ገንዳ ያለው ቤት አላውቅም፤ ያን የሚያህል ውሃ ደጃችን ተኝቶ ገንዳ ምን ያደርግልናል። ውጫሌ ላይ ሆኖ ገጹን ለመክፈት የሞከረ ሰው፣ ኔትወርኩ ደካማ ነውና፣ የቤቱ ጣራ ብቻ ወጥቶለት ይቆማል። ማንም አይደውልም ነበር።

ገጹን እንድታስተካክል ምሕረት የምትባል ባለሙያ ከደሴ ተቀጠረች። የሁለት ልጆች እናት፣ የመጣላትን የምትናገር ሴት ናት። አቶ ጌታሁን አጠገቤ አስቀመጣትና፣ «ዘይነብ ቤቶቹን ትነግርሻለች፤ አንቺ አሳምሪው» ብሎ ወጣ። እኛም ሠራን። የባዕድ ቤቶቹን አወጣን። ሥዕሎቹን ውጫሌም አምባሰል ተራራም ላይ ሆነው እንዲከፈቱ አድርጋ አቀለለቻቸው። ቀድሞ የቤት ሥዕል የሚነሣው በር ላይ ተቁሞ ነበር፤ እኔ ምሕረትን ወለሉ ላይ አስቀምጬ፣ ሰው አረፍ ብሎ የሚያየውን እንድታነሣ አደረግኳት። ጓሮውን አስቀደምን። ከየሥዕሉ በታች ሰው የሚፈልገውን ጻፍኩ፤ የጠዋት ፀሐይ በየት በኩል እንደሚገባ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬዱ፣ ባጃጅ ደጁ ድረስ ይገባ እንደሆነ። ስልክ መደወል ጀመረ።

አንድ ቀን ምሕረት ገጹን የከፈቱ ሰዎች ያሉበትን የሚያሳይ ካርታ አወጣችልኝ። ነጠብጣብ ነው። እያንዳንዱን በጣቷ እየነካች፣ «ይህች ጂዳ ናት፤ ይህች ቤሩት፤ ይህች ደግሞ ኮምቦልቻ» አለችኝ። ሱብሃነላህ። አያ ይማም ስንት ቀን በእግሩ ቢሄድ የማያገኘው ሰው፣ ባሕር ማዶ ተቀምጦ፣ በአንድ ጣት የእኛን ጓሮ ይከፍታል። ሳላውቀው ከወንበሬ ተነሥቼ ቆሜ ነበር። ምሕረት፣ «እትዬ፣ ምን ሆንሽ?» ስትለኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከነጠብጣቦቹ አንዷ ከድጃ ነበረች። የአምባሰል ልጅ ናት፤ ጂዳ በሰው ቤት ስትሠራ ብዙ ዓመት ቆይታለች። እናቷ እመት ሐዋ አርጅተዋል፤ ጉልበታቸው ዳገቱን አልችል ብሏል። ሐኪም ቤትና ገበያ በቅርብ የሚያገኙበት ቤት ሐይቅ ከተማ ልትገዛላቸው ፈለገች። ሌላ ምኞት አልነበራትም። ያን ሁሉ ዘመን የሠራችው ለዚያ ቤት ነው።

ከሐይቁ በኩል፣ ዝቅ ብሎ ያለ አንድ የሚያምር ቤት ሊሸጥ መጣልን። ያየሁት በግንቦት ነው፤ ሥዕሉም የተነሣው በግንቦት ነው። አቶ ጌታሁን «ዛሬ ካልወጣ ሌላ አሻሻጭ ይወስደዋል» እያለ አጣደፈኝ። ጥፋቱን ግን ለእሱ ብቻ አልሰጥም። ጎረቤቲቱን አስካለን የጠየቅኳት እኔ ነኝ፤ ያውም ሻጩ አጠገቤ ቆሞ።

«አስካለ፣ ይህ ቤት እንዴት ነው?»

አስካለ ሻጩን አየችው፤ እኔን አየችኝ።

«ወይ ዘይኔ፣ እንዲህ ያለ ደግ ጎረቤት ከየት አገኛለሁ ብዬ እኮ ነው የጨነቀኝ» አለች።

የነገረችኝ ስለ ሰውየው ነው። ስለ ቤቱ ምንም አላለችም። እኔ ግን ምስክር አገኘሁ ብዬ ተመለስኩና ከሥዕሉ በታች «ደረቅና ጤናማ» ብዬ ጻፍኩ። እነዚያን ቃላት የጻፈው የእኔ እጅ ነው።

ከድጃ ሥዕሉን አይታ፣ ቃሌን አምና ገዛችው። እመት ሐዋ በሰኔ ገቡ። በሐምሌ ውሃ መጣ፤ የመጣው ከጣራ አይደለም፣ ከመሬት ነው። ሐይቁ ሲሞላ የዚያ ሰፈር መሬት ከሥሩ ይጠግብና በወለሉ ስንጥቅ ይወጣል። ተጠርቼ ሄድኩ። እመት ሐዋ እግራቸውን ሰብስበው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የፕላስቲክ ጫማቸው ወለሉ ላይ ይንሳፈፋል። አልጮሁብኝም።

«ልጄ፣ አንች አይተሽው ነበር?» አሉኝ።

«አይቼው ነበር፣ እመት።»

«እኔም ከድጃ ያየው ሰው አለ ብትለኝ ነው የወረድሁት።»

በሳምንቱ ውጫሌ አንድ ክፍል ተከራይተው ገቡ። ከድጃ ደወለች።

«እትዬ ዘይነብ፣ አከራይዋ ልጇን ልትድር ነው፤ እስከ ግንቦት ነው የፈቀደችላቸው። ሐይቅ ሌላ ቤት ልፈልግ ስላቸው፣ የውሸት አገር ነው ይሉኛል። እናቴን የት ላድርጋቸው?»

ለአቶ ጌታሁን ነገርኩት። «ውሉ ተፈርሟል» አለ።

እኔ አያ ይማም ዘንድ ሄድኩ። ደጁ ላይ ተቀምጦ የሙስባሃውን ዶቃ እየገፋ ዚክር ይቆጥር ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር የሄድኩት።

«ጎረቤቲቱን ምን ብለሽ ጠየቅሻት?»

«ቤቱ እንዴት ነው ብዬ።»

«ሻጩ ባለበት?»

«ባለበት።»

«ያ ስልክ ውስጥ ያለው ገበያችሁ፣ እንደኔ ላለው ዓይነ ስውር ምን ያሳየዋል?» አለኝ።

«ምንም።»

«ያች ልጅ ጂዳ ሆና ከኔ በምን ትሻላለች? ቤቱን አይታዋለች?»

«ሥዕሉን አይታለች።»

«የግንቦት ሥዕል ነዋ። በግንቦትማ እኔም አያለሁ።» ሳቀ። ከዚያ፣ «ለእኔ የምታደርጊውን አድርጊላት። አሁን ቤት ግዛ ብትይኝ፣ ጎረቤቱ ዘንድ አስቀምጭኝና ያውራኝ ነው የምልሽ» አለኝ።

ሐሳቡ ይህ ነው። አርዲቦ አጠገብ፣ ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ ደጁ ላይ ተቀምጦ የተናገረው ነው። አቶ ጌታሁን በዚያ ቀን ደሴ ነበር።

ለምሕረት ነገርኳት። ከየቤቱ ሥዕል በታች የሚነካ ምልክት ይኑር፤ ሲነኩት ጎረቤት ታውራ፤ የምታወራውም ስለ ራሷ ቤት ይሁን። ለአቶ ጌታሁንም አስረዳን።

«ነፋስ አለ፣ ውሃ አለ እያሰማን ነው ቤት የምንሸጠው?» አለ። «ሰው የሚፈልገው ሥዕል ነው። የባልቴት ወሬ ገጼ ላይ አይወጣም።»

ሲወጣ ምሕረት ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ገጼ ይበል እንጂ ከፍቶት አያውቅም እኮ። የይለፍ ቃሉን እንኳን የሚጠይቀው እኔን ነው።»

ተሳሳቅን። ከዚያ ሠራነው።

የመጀመሪያው ድምፅ የአስካለ ነው። ከድጃ ያን ቤት መልሳ መሸጥ ነበረባት። ስልኬን በመካከላችን አስቀምጬ፣ እየቀዳሁ እንደሆነ ነግሬ፣ «በሐምሌ ጤፍሽን የት ነው የምታስቀምጭው?» አልኳት። አላቋረጠችም። ጆንያውን በርሜል ላይ እንደምትጭን፣ ከአልጋዋ እግር ሥር ድንጋይ እንደምትደረድር፣ አንድ ነሐሴ ምጣዱ ሥር እንቁራሪት እንዳገኘች እየሳቀች አወራችኝ። ሁሉንም ታውቅ ነበር። ያልጠየቅኳት እኔ ነኝ። «ደረቅና ጤናማ» የሚለውን አጠፋሁና ውሃው ወለሉ ላይ እያለ የተነሣ ሥዕል አደረግኩበት። ቤቱ ብዙ ወር ቆየ። በመጨረሻ አንድ ግንበኛ ድምፁን ሰምቶ፣ ወለሉን አንሥቶ እንደገና ሊሠራው አስቦ፣ እያወቀ ገዛው። ዋጋው ዝቅ ብሏል፤ ግን ማንም አልተታለለም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን እስከ ዛሬ ተደንቄ አልጨረስኩም። የጎረቤቶችን ድምፅ አንድ በአንድ እየጨመርን ስንሄድ፣ ቤት የማይገዛ ሰው ሁሉ መደወል ጀመረ። አንዲት ሴት ከቤሩት ደወለች። «እኔ ቤት አልገዛም፤ አቅሙም የለኝ» አለችኝ። «ያች ስለ እንቁራሪቷ ያወራችው ሴትዮ ሌላ ነገር ካወራች ንገሩኝ ብዬ ነው።» አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደግሞ መንገድ ላይ ድምፆቹን ተራ በተራ እንደሚያዳምጥ፣ ከደሴ ወልድያ ሲመላለስ ሐይቅ ሲደርስ ሰፈሩን ሁሉ የሚያውቀው እንደሚመስለው ነገረኝ። ቤት በቃል መግለጽ እችላለሁ ብዬ ዘመኔን ኖሬአለሁ። ሰው ግን ቤቱን ያየው በአስካለ ሳልና በዶሮ ጩኸት ውስጥ ነው። ምሕረት ጩኸቱን ከድምፁ ላውጣው ስትለኝ፣ ተይው አልኳት።

ለእመት ሐዋ ቤት ስፈልግ ከአስፋልቱ በላይ ያለውን ተዳፋት በእግሬ ጨረስኩት። የበልግ ዝናብ ሳይጀምር አንድ ትንሽ ባለሁለት ክፍል ቤት አገኘሁ። በልጉ ሲዘንብ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ጎረቤቲቱ ብርቄ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ተቀብላ የምትሸጥ ሴት ናት። ስለ ጤፏ ጠየቅኳት፤ ስልኩ ይቀዳል።

«ጤፉንማ መሬት ነው የማስቀምጠው» አለች። «ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄድ፤ እኛ ዘንድ ምን ይሠራል። የኔ ችግር ነፋስ ነው። አምና በጥር ቆርቆሮዬን ገንጥሎ ታች ሰፈር ጣለው፤ ተሸክሜ አመጣሁት። ደሞ ዶሮዎቼ አጥር አያውቁም። እዚያ የሚገባ ሰው ጎመን ከተከለ መጣላታችን ነው፤ ካሁኑ ይወቀው። ግድግዳው ስስ ነው። እዚያ የነበረችው ሴትዮ ስታስነጥስ እኔ ከዚህ ይማርሽ እል ነበር። አሁን የሚያስነጥስ የለም።»

ከመላኬ በፊት ለአያ ይማም አሰማሁት። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማ። «ነፋሱን ሳትደብቅ ነገረችሽ። ውሃ ቢኖር እሱንም ትነግርሽ ነበር» አለ።

ለከድጃ ድምፁንም ሥዕሉንም ላክሁላት። በሳምንቱ ደወለች።

«ሥዕሉን አላሳየኋቸውም፤ ድምፁን ነው ያሰማኋቸው» አለችኝ።

«ምን አሉ?»

«ድገሚው አሉኝ። አሁንማ የአከራይዋን ልጅ ስልክ እየተቀበሉ ይሰሟታል አሉ። ትናንት፣ ያች ዶሮ ያላት ሴት ባሏ የሞተው መቼ ነው ብለው ጠየቁኝ።»

«ስለ ቤቱስ?»

«ስለ ቤቱ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ግዥው ብቻ አሉኝ።»

ግንቦት ሊያልቅ ሲል እመት ሐዋ ከውጫሌ በሚኒባስ መጡ። መናኸሪያ ጠብቄ በባጃጅ ወሰድኳቸው። አቶ ጌታሁንም ቤቱ ደጅ ቆሞ ጠበቀን፤ ቁልፍ ሲቀበሉ ሥዕል አንሥቶ ገጹ ላይ ሊያወጣ ነው። እመት ሐዋ ከባጃጁ ወርደው ዱላቸውን ተደገፉ። አንች አይተሽው ነበር ብለው ቢጠይቁኝ የምመልሰውን አዘጋጅቼአለሁ፤ ስንት ጊዜ እንዳየሁት፣ ምን ያህል ዝናብ እንደዘነበበት። አልጠየቁኝም።

«ያች ሴትዮ የታለች?» አሉ።

አጠገቡ ያለውን በር አሳየኋቸው። የገዙትን ቤት አልፈው ሄዱና በሩን በዱላቸው ነኩት። ብርቄ እጇ ላይ የዓሣ ቅርፊት እንደተለጠፈ ወጣች።

«ማንን ፈልገው ነው፣ እማማ?»

«የሚያስነጥስ ጠፋ ያልሽ አንች ነሽ?»

ብርቄ ግራ ገብቷት እኔን አየች።

«መጥቻለሁ» አሉ እመት ሐዋ። «ጎመን ግን እተክላለሁ።»

«እንግዲያው መጣላታችን ነው» አለች ብርቄ። «ይግቡ።»

ገቡ። አቶ ጌታሁን ስልኩን እንደያዘ ቀረ። «ቤቱን አያዩትም እንዴ? ሴትየዋን ከየት ያውቋታል?» አለኝ።

«ገጹን ይክፈቱና ይስሙ» አልኩት።

አጥሩን ተደግፎ ከፍቶ ሰማ። ድምፆቹ ገጹ ላይ እንዳሉ ያወቀው ያን ቀን ነው። በማግስቱ የእሱ ሐሳብ ሆኑ።

እሱ ሄደ፤ እኔ ቁልፉን ይዤ ደጁ ላይ ቀረሁ። ከውስጥ የሁለቱ ሴቶች ወሬ ይሰማኛል፤ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ባሎቻቸው፣ ስለ ዓሣ አጠባበስ። የቀትሩ የዙሁር አዛን ሲሰማ እመት ሐዋ ብቅ አሉ።

«አንች፣ ምን ትገተሪያለሽ? ቁልፉን አምጭው እንጅ።»

ሁለቱን ቁልፎች ሰጠኋቸው። ይቅር አሉኝ ብዬ አልጽፍም፤ አላሉኝም። አንዱን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥተው ወደ ብርቄ ዞሩና መዳፏ ላይ አደረጉት።

«ይህ አንች ዘንድ ይቀመጥ» አሏት። «በሬን ሳልከፍት ካረፈድሁ ገብተሽ እይኝ።»

በዘመኔ ስንት ቁልፍ ለስንት ገዢ አስረክቤአለሁ። ገዢ ቤቱን ገና ሳያይ ቁልፉን ለጎረቤት ሲሰጥ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።